ለሰሜን ሩቅ ወረዳ መንገድ ስንጠይቅ፦ የትኛው በጀት ለየትኛው ችግር?

«ወረዳችን መንገድ ይሠራለት» የሚል ደብዳቤ ይዞ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ የሚመላለስ ኮሚቴ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ነው። አንዱ ከዋግ ኽምራ ነው። ሌላው ከሰሜን ጎንደር ቆላ። ሌላው ከትግራይ ተራራማ ወረዳ ወይም ከአፋር ሰሜናዊ ጫፍ። አብዛኛው ደብዳቤ የሚለው አንድ ነው፤ «አስፋልት ይሠራልን»። መልሱም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «በቀጣይ በጀት ዓመት ይታያል»።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእነዚህ ኮሚቴዎች ነው። የወረዳና የዞን አመራሮችም ቢያዩት ይጠቅማቸዋል። መንግሥት ለመንገድ የሚያወጣው ገንዘብ በአንድ በር ብቻ አይወጣም። እያንዳንዱ በር የራሱ መስፈርት፣ የራሱ ጊዜ፣ የራሱ ድክመት አለው። እውነተኛ ችግር ይዞ ወደ ተሳሳተ በር መሄድ ዓመታት ይበላል። በእነዚያ ዓመታት ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ትወርዳለች። ማዳበሪያው የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ መለኪያውን እናስቀምጥ፤ ከዚያ አማራጮቹን አንድ በአንድ እናያለን።

በምን እንለካ?

የመጀመሪያው መለኪያ ነሐሴ ነው። በጥር ላንድክሩዘር ስለገባ ብቻ ወረዳው መንገድ አለው አይባልም። በዓለም አቀፍ ደረጃም የገጠር ተደራሽነት የሚለካው ዓመቱን ሙሉ ከሚያስኬድ መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ በሚኖረው የገጠር ሕዝብ ድርሻ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ስሌት ኢትዮጵያ 22 በመቶ አካባቢ ላይ ነበረች። ከአምስት የገጠር ሰው አንዱ ማለት ነው። ስለዚህ ማንኛውም አማራጭ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ «በነሐሴ ያስኬዳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያነሳው፣ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ነው። ገንዘቡ መሐል ላይ ቢቋረጥ የተሠራው ግማሽ ለሰው ይጠቅማል ወይ? በሰሜኑ ላለፉት ዓመታት ያየነው ይህንኑ ነው። በጦርነትና በግጭት ሥራ ይቆማል። የዋጋ ንረት ኮንትራክተሩን ያሸሸዋል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ሬንጅም፣ የማሽን መለዋወጫም ዋጋው ሌላ ሆኗል። ስለዚህ ሥራው ሊቋረጥ እንደሚችል አስቦ መምረጥ ያስፈልጋል። ከዋናው መንገድ ተነስቶ ወደ ውስጥ እየገባ የሚሠራ መንገድ በ10 ኪሎ ሜትር ቢቆም 10 ኪሎ ሜትሩ ይጠቅማል። አፈሩ በ60 ኪሎ ሜትር ላይ ተቆርጦ፣ ድልድይ ሳይገባለት የቀረ መንገድ ግን ለማንም አይሆንም። እንዲያውም የገበሬውን ማሳ ለጎርፍ ያጋልጣል።

ሦስተኛው የጥገና ባለቤት ነው። ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ቦዩን የሚጠርገው፣ የታጠበውን ገረጋንቲ የሚመልሰው ማነው? ስሙ በወረቀት ላይ ካልተጻፈ ማንም አይደለም።

አራተኛው ካሳ ነው። መንገዱ የሚያርፍበት ማሳ፣ ቤትና ዛፍ ባለቤት አለው። በቅርቡ የተሻሻለው የመሬት ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ የክፍያውን ሸክም ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች አዙሮታል። ስለዚህ «የፌደራል ፕሮጀክት መጣልን» ብሎ መደሰት ብቻውን አይበቃም። ካሳውን ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ ወደ ራሳችሁ ክልል ይመለሳል። ወሰን ማስከበር ያላለቀበት ፕሮጀክት ማሽን አቁሞ ይጠብቃል፤ የቆመ ማሽን ደግሞ በውሉ መሠረት ክፍያ ያስጠይቃል።

አምስተኛው ጊዜ ነው፤ ከጥያቄ እስከ መጀመሪያው መኪና።

የመጨረሻው መለኪያ ተለዋጭ መግቢያ መስመር መኖሩ ነው። ሰኔ 2013 መጨረሻ ላይ በሽሬና በጎንደር መካከል ያለው የተከዜ ድልድይ ሲፈርስ ወደ ትግራይ የሚገባው የእርዳታ እህል በአፋር በኩል፣ በሰመራና በአብአላ መስመር ላይ ብቻ ተንጠለጠለ። ሚሊዮኖች የሚበሉት በአንድ መስመር ክፍት መሆንና መዘጋት ተወሰነ። ወረዳችሁ መግቢያው አንድ ብቻ ከሆነ ይህ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ደብዳቤው ላይ ይግባ።

የፌደራል መንገድ

ይህ ሁሉም የሚመኘው ነው። ባለቤቱ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። በ1943 አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተብሎ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ማለት ነው። በ1989 የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር አገሪቱ የነበራት መንገድ 26 ሺህ ተኩል ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በ2012 የገጠሩን ጨምሮ 144 ሺህ ደርሷል። ከ2013 እስከ 2022 የተዘረጋው የአሥር ዓመት ዕቅድ ደግሞ ወደ 246 ሺህ ገደማ ለማድረስ ያስባል። ስለዚህ በሩ ዝግ አይደለም። ወረፋው ግን ረጅም ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ትልቅ ድልድይ፣ የተጠና ቁልቁለት፣ ከባድ መኪና የሚችል መሠረት የሚሠራው በዚህ በር ነው። ከወልዲያ ወረታ የሚዘልቀውን፣ ሰዉ ዛሬም የቻይና መንገድ የሚለውን መስመር አስቡት። ጋሸና፣ ነፋስ መውጫ፣ ደብረ ታቦር ከምሥራቅና ከምዕራብ የተገናኙት በእሱ ነው። እንዲህ ያለ መንገድ በክልል በጀት አይታሰብም።

ግን መንገዱን ለማስገባት ምን ያስፈልጋል? በ2012 የወጣው የፌደራል መንግሥት ፕሮጀክቶች አስተዳደር አዋጅ ያልተጠናና ያልተገመገመ ፕሮጀክት በጀት ውስጥ እንዳይገባ ያዛል። ስለዚህ መጀመሪያ አዋጭነቱ ይጠናል፣ ንድፍ ይሠራል፣ የገንዘብ ምንጭ ይፈለጋል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ውል ይፈረማል። ከውሉ በኋላ ሦስት ወይም አራት ዓመት ግንባታ ይከተላል፤ ያውም ሁሉም ነገር በሰዓቱ ከሄደ። በዚህ መሐል የወረዳው አስተዳዳሪ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊቀያየር ይችላል። ኮሚቴው ካልተከታተለ ፋይሉን የሚያስታውስ ሰው አይኖርም።

ዋጋው በኪሎ ሜትር በአሥር ሚሊዮኖች ብር የሚቆጠር ነው። ተራራ ሲሆን ከዚያም ይብሳል። ይህን ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የሚቀርብለት ጥያቄ «በቀን ስንት መኪና ይሄዳል?» የሚል ነው። የመሥሪያ ቤቱ የንድፍ መመሪያ በቀን ከ300 በታች ተሽከርካሪ የሚሄድበትን መንገድ አነስተኛ ትራፊክ ያለበት ብሎ ለይቶ ያስቀምጠዋል። አብዛኛው ሩቅ ወረዳ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ታዲያ ይህ ማለት «አርፋችሁ ተቀመጡ» ማለት አይደለም። ሙሉውን አስፋልት ከመጠየቅ ደህና የጠጠር መንገድ ጠይቃችሁ፣ ጠጠሩ በጎርፍ የሚታጠብበት ዳገት ላይ ብቻ ኮንክሪት ወይም የድንጋይ ንጣፍ እንዲገባ ብትከራከሩ ጥያቄያችሁ ይቀላል። መኪና የሚያዳግተውም፣ ክረምት የሚዘጋውም ብዙውን ጊዜ ያው ዳገት ነው።

የክልልና የወረዳ የገጠር መንገድ

በ2003 የተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ሁሉንም ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ተነሳ። ከ70 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ታቅዶ ነበር። ወጣት ምሩቃን በማኅበር ተደራጅተው ኮንትራክተር የሆኑበት ሥራ ነው። በእኔ እምነት የዚህ ፕሮግራም ሐሳቡ ትክክል ነበር። ብዙ ቀበሌ መኪና ያየው በእሱ ነው።

ችግሩ ብዙ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ነው። የዕቅዱ አፈጻጸም የተቆጠረው በኪሎ ሜትር ነበር። ኪሎ ሜትር ለማስቆጠር አፈር መቁረጥ ይቀላል፤ ድልድይና ቱቦ መትከል ግን ገንዘብም ባለሙያም ይፈልጋል። ስለዚህ መንገዱ ወንዝ ዳር ደርሶ ይቆማል። በማዶ ደግሞ ይቀጥላል። በክረምት ሁለቱም ግማሽ ሥራ ፈት ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ክልሉ ከፌደራል ከሚያገኘው ድጎማና ከራሱ ገቢ፣ እንዲሁም ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ ከሚመደበው። ለምሳሌ በ2016 የፌደራል በጀት 801 ቢሊዮን ብር ገደማ ሲሆን ለዘላቂ ልማት ግቦች የተያዘው 14 ቢሊዮን ነበር። እሱም ለመንገድ ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ውኃ ይካፈሉታል። ለወረዳው የሚደርሰው ጥቅል በጀት ደግሞ አብዛኛው ደመወዝ ነው። ወረዳው «በጀት የለኝም» ሲል እውነቱን ነው።

ይህ በር የሚሻለው በመካከለኛ ርቀት ላለ ችግር ነው። ቀበሌን ከወረዳ ከተማ፣ ወረዳን ከዋናው መንገድ ለማገናኘት። ፍጥነቱ ከፌደራሉ የተሻለ ነው። የምታውቁት ሰው የሚወስንበት ስለሆነም ክትትሉ ይቀላል። አንድ ነገር ግን ደግሜ እላለሁ፤ ጥያቄያችሁን በኪሎ ሜትር አትጻፉት። «ሦስት ቱቦ፣ አንድ ድልድይ፣ የስምንት ኪሎ ሜትር ቦይ» ብላችሁ ጻፉት። ያኔ ሪፖርቱም በዚያው ይለካል።

ለጥገና ብቻ የሚሆነው ገንዘብ

የመንገድ ፈንድ በ1989 የተቋቋመው ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰበው ክፍያ ለመንገድ ጥገና እንዲውል ነው። አዲስ መንገድ አይሠራም። ብዙ ኮሚቴ ይህን ሳያውቅ ደብዳቤ ያስገባል፤ መልሱ «አይመለከተንም» ይሆናል። መንገድ ኖሯችሁ ከተበላሸ ግን መጀመሪያ የሚታሰበው ይህ ነው። የሚሄደው በቀጥታ ወደ ፈንዱ ሳይሆን በመንገዱ ባለቤት በኩል ነው። የፌደራል መንገድ ከሆነ በአስተዳደሩ ዲስትሪክት፣ የክልል ከሆነ በክልሉ መንገድ ቢሮ። የተበላሸው ቦታ ከነፎቶው፣ ከነርቀቱ ተለይቶ ከቀረበ የዓመቱ የጥገና ዕቅድ ውስጥ ለማስገባት ይቀላል።

በሴፍቲኔት የሕዝብ ጉልበት

በ1997 የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለምግብ ዋስትና ችግር ለተጋለጡ ቤተሰቦች ክፍያ ሰጥቶ የሕዝብ ሥራ ያሠራል። እርከን፣ ኩሬ፣ የቀበሌ መንገድ። ዋግ ኽምራም ሆነ የትግራይና የሰሜን ወሎ ደጋ ወረዳዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። ሥራው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ነው፤ ገበሬው እርሻ ላይ በማይሆንበት ጊዜ።

ለዚህ አማራጭ ትልቅ አክብሮት አለኝ። መንገዱን የሚሠሩት የሚሄዱበት ሰዎች ናቸው። ካሳ ብዙ ጊዜ ጠብ አያስነሳም፤ ማሳው የማን እንደሆነ፣ በየት ቢዞር እንደሚሻል ቀበሌው ራሱ ይነጋገርበታል። ድንጋይ መፍለጥ፣ ቦይ መቆፈር፣ የተራራ ጥግ መካብ ላይ ማንም አይደርስባቸውም። ገደቡ ሌላ ነው። ለሲሚንቶና ለብረት የሚተርፈው ገንዘብ ትንሽ ነው። ማሽን የለም። ስለዚህ ወንዝ የሌለበት አጭር መንገድ፣ ለአህያና ለአምቡላንስ የሚሆን መግቢያ፣ ወይም የተሠራ መንገድን ቦይ መጥረግ ላይ ያዋጣል። ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ግን የሰው ጉልበት በከንቱ ይባክናል።

ተንጠልጣይ ድልድይ

በሰሜኑ ብዙ ቀበሌ ከዓለም የሚቆረጠው መንገድ ስለሌለው ብቻ አይደለም። ወንዝ ስለሚሞላበት ነው። ተከዜና ገባሮቹ፣ አባይና ገባሮቹ ጠባብና ጥልቅ ሸለቆ ቆርጠው ይሄዳሉ። ገበያው ማዶ ሆኖ ይታያል፤ መድረስ ግን አይቻልም።

በአባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ከጎንደር ነገሥታት ዘመን የቆየው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የጎንደርና የጎጃም ሰው በገመድ እየተጎተተ ተሻገረበት። በ1993 ይህን የሚያሳይ ፎቶ ያየ አሜሪካዊ ሰው ተነሳስቶ፣ በ1994 ተጠገነ። ጎርፍ መልሶ ሲያፈርሰውም ከፍ ብሎ ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ ተተከለ። አስቡት፤ ሁለት ክፍለ ሀገር የሚያገናኝ መሻገሪያ በገመድ የቆየው ገንዘቡ ከአገር አቅም በላይ ሆኖ አይደለም። ትንሽ ስለሆነ የማንም ዕቅድ ውስጥ ሳይገባ ቀርቶ ነው።

ይህ አማራጭ መኪና አያሳልፍም። ሰው፣ የተጫነ አህያ፣ ቃሬዛ ያሳልፋል። ግን በአንድ በጋ ተጀምሮ ሊያልቅ ይችላል። ቀበሌው ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት ያዋጣል። ገመዱንና ባለሙያውን ክልሉ ወይም ድጋፍ ሰጪ ድርጅት ያመጣል። በአማራ ክልል ሄልቬታስ የተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት ከመንግሥት ጋር እንዲህ ዓይነት ድልድዮች ሠርቷል። ካሳ የለውም ማለት ይቻላል። መሐል ላይ የመቆም ዕድሉም ትንሽ ነው። ጥገናው ደግሞ ብሎን ማጥበቅና ንጣፍ መቀየር ስለሆነ ቀበሌው ይችለዋል።

በአዲስ አበባ የሚሰበሰብ የተወላጆች መዋጮ ካለ፣ ይህ አማራጭ ገንዘቡ እውነተኛ ለውጥ የሚያመጣበት ነው ብዬ አምናለሁ። መዋጮው ዶዘር ተከራይቶ ጥርጊያ ለማውጣት ሲውል ግን ያሳዝነኛል። ቦይና ቱቦ የሌለው ጥርጊያ በመጀመሪያው ክረምት ወደ ቦረቦርነት ይቀየራል። ሰው ከልጁ አፍ ቀንሶ ያዋጣው ገንዘብ ማሳ የሚሸረሽር ጎርፍ ሆኖ ይቀራል።

በብድርና በእርዳታ የሚመጡ ፕሮግራሞች

የዓለም ባንክ የሚደግፈው የገጠር ትስስር ለምግብ ዋስትና ፕሮግራም አንዱ ምሳሌ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች ገንዘባቸው የተሻለ አስተማማኝ ነው። ለድልድይና ለውኃ መውረጃም ቦታ ይሰጣሉ። ግን ወረዳውን የሚመርጡት በራሳቸው መስፈርት ነው፤ የምግብ ዋስትና ሁኔታ፣ የሕዝብ ብዛት፣ የጤናና የገበያ ርቀት። በደብዳቤ ብዛት አይገባም። የሚገባው በመረጃ ነው። ስለዚህ መሠረታዊው ጥያቄ «ወረዳችን በምርጫው ዝርዝር ውስጥ አለ ወይ?» ነው። ዝርዝሩን የሚያውቀው የክልሉ መንገድ ቢሮ ነው። ከሌለ በዚህ በር ደጅ መጥናት ዋጋ የለውም። ፕሮግራሙ የማለቂያ ቀን እንዳለውም አትርሱ።

ባቡርና አውሮፕላን

አንዳንድ ኮሚቴ ባቡርም ይጠይቃል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለቱርኩ ያፒ መርከዚ በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ውል ተሰጠው። በኪሎ ሜትር ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። አብዛኛው ሐዲድ ተነጥፎም መደበኛ አገልግሎት አልጀመረም። ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ የሚቀጥለው ክፍልም በገንዘብ እጥረት ቆሟል። መሐል ላይ መቋረጥ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለም። የአየር ማረፊያ ውሳኔም የወረዳና የክልል ሳይሆን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕና የፌደራል መንግሥት ነው። ሁለቱንም ከደብዳቤያችሁ አውጧቸው።

ባጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | በነሐሴ ያስኬዳል? | ቢቋረጥ | ጊዜ | የጥገና ባለቤት | የአካባቢው ድርሻ |
|---|---|---|---|---|---|
| የፌደራል መንገድ | አዎ፣ ካለቀ | ከዋናው መንገድ ካልተጀመረ ጉዳቱ ከባድ | ብዙ ዓመታት | የፌደራሉ መንገዶች አስተዳደር | ካሳ በክልል፣ ክትትል |
| የክልል ገጠር መንገድ | ድልድይና ቱቦ ካለው ብቻ | ወንዝ ዳር ከቆመ አይጠቅምም | አንድ እስከ ሦስት ዓመት | ክልል፣ ወረዳ | ጉልበት፣ መሬት |
| የጥገና ፈንድ | የነበረውን ይመልሳል | የተጠገነው ይጠቅማል | የአንድ ዓመት ዕቅድ | የመንገዱ ባለቤት | መረጃና ፎቶ |
| ሴፍቲኔት | ወንዝ ከሌለ | በየኪሎ ሜትሩ ይጠቅማል | አንድ በጋ | ቀበሌ | ጉልበት |
| ተንጠልጣይ ድልድይ | አዎ፣ ለእግረኛና ለጭነት እንስሳ | የመቆም ዕድሉ ትንሽ | አንድ በጋ | ቀበሌና ወረዳ | ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ጉልበት፣ መዋጮ |
| የብድርና እርዳታ ፕሮግራም | አዎ፣ በአብዛኛው | የተሻለ ዋስትና | ጥቂት ዓመታት | ክልል | በመስፈርት መመረጥ |

ቀን መቁጠሪያው

ጥሩ ጥያቄ በተሳሳተ ወር ሲገባ ይሞታል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ያ ማለት ገንዘቡ የሚለቀቀው ዝናቡ ሲበረታ ነው። ንድፍ ያልተዘጋጀለት ሥራ መስከረም ላይ ጥናት ይጀምራል፣ ታኅሣሥ ላይ ጨረታ ይወጣል፣ የካቲት ላይ ማሽን ይገባል። በሰሜን ወሎና በደቡብ ትግራይ የበልግ ዝናብ ያኔ ሊጀምር ይችላል። ግንቦት ላይ ሥራው ይቆማል። ሰኔ 30 ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ወረዳው መንገድ ሳያገኝ «በጀት ተመድቦለት ነበር» ይባላል።

ይህን ማስቀረት ይቻላል። ንድፉ ከሰኔ በፊት ካለቀ ጨረታው በሐምሌና በነሐሴ ይወጣል። ኮንትራክተሩ ጥቅምት ላይ መሬቱ ሲደርቅ ይገባል። ሙሉ በጋ ይኖረዋል። የኮሚቴ ገንዘብ ካላችሁ ከክልሉ መንገድ ቢሮ ጋር ተስማምታችሁ ለቅየሳና ለንድፍ አውሉት። ገረጋንቲ ከመግዛት ይልቅ ይህ መንግሥት የያዘውን ትልቅ ገንዘብ ያንቀሳቅሳል። የፌደራል ጥያቄ ደግሞ መሥሪያ ቤቶች የቀጣዩን ዓመት ዕቅድ በሚያዘጋጁበት ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይግባ። ሰኔ ላይ ምክር ቤት በጀቱን ሲያጸድቅ ደርሶ መጮህ ዘግይቷል።

ለየትኛው ወረዳ የትኛው?

ቀበሌዎቻችሁ በወንዝ የሚቆረጡ ከሆነ፣ መጀመሪያ ተንጠልጣይ ድልድይ። የመኪናውን መንገድ ጥያቄ ጎን ለጎን ቀጥሉ፤ ግን እሱን እየጠበቃችሁ ሰው በጎርፍ አይወሰድ።

መንገድ ኖሮ በየክረምቱ የሚዘጋ ከሆነ አዲስ መንገድ አትጠይቁ። የሚዘጋባቸውን ነጥቦች ለዩ። ብዙ ጊዜ አራት አምስት ቦታ ነው። እነሱን በጥገና በጀትና በክልሉ ገንዘብ አስተካክሉ። ቦዩን በሴፍቲኔት አስጠርጉ። ከሁሉም አማራጮች በትንሽ ገንዘብ ብዙ ሰው የሚጠቅመው ይህ ነው።

የወረዳው ከተማ ራሱ ከዋናው መንገድ በብዙ ኪሎ ሜትር የራቀ፣ ሕዝቡም ብዙ ከሆነ የፌደራሉ በር ነው። ያኔ ብቻችሁን አትሂዱ። መስመሩ የሚያልፍባቸው ወረዳዎች ሁሉ በአንድ ደብዳቤ ይምጡ። ግንባታው ከዋናው መንገድ በኩል እንዲጀመርና በክፍል በክፍል እንዲረከብ ጠይቁ። የካሳውን በጀት ክልሉ መያዙን በጽሑፍ አረጋግጡ።

ሰሊጥ፣ ማዕድን ወይም ቱሪስት ያለበት አካባቢ ከሆናችሁ የኢኮኖሚው ቁጥር ይናገርላችሁ። የሌላችሁ ደግሞ አትሸማቀቁ። የጤና ጣቢያ ርቀት፣ የእርዳታ እህል በክረምት የሚደርስበት ቀን፣ ከትምህርት የቀሩ ልጆች ቁጥር እኩል ክብደት ያለው መረጃ ነው። በ1977 ድርቅ ጊዜ መኪና በማይደርስባቸው ተራሮች ላይ እህል ከአውሮፕላን ይጣል ነበር። ያ የሆነው መንገድ ስላልነበረ ነው።

ሐምሌ ላይ በጀቱ ታውጆ የወረዳችሁ ስም ከሌለበት ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። «ጥናት የለውም» ከተባለ ጥናቱን አስጀምሩ። «ትራፊኩ አነስተኛ ነው» ከተባለ በገበያ ቀንና በአዘቦት ቀን መኪናውን፣ ባጃጁን፣ አህያውን ቁጠሩ። «የጸጥታ ችግር» ከተባለ ደግሞ በጉልበት ሊሠሩ የሚችሉትን ትንንሽ ሥራዎች በቀበሌ በኩል ቀጥሉ። ከዚያ ጥር ላይ ተመለሱ፤ ቆጠራው፣ የወንዙ መሻገሪያ ፎቶና የክልሉ የካሳ ደብዳቤ ከማመልከቻው ጋር ይያያዝ።